በአንድ ቀን የንግግር ውድድርም፣ ከመድረክ ጀርባ ሥራም ወደቀብኝ (ሐዋሳ)

የ11ኛዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነኝ፣ 11ኛ ክፍል። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ የወላጆች ቀን አለ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የአማርኛ ንግግር ውድድር ላይ እገባለሁ። 5 ደቂቃ ነው፣ ርዕሱ «ሐይቃችን»። እሱ እንዳለቀ የቴአትር ክበባችን ድራማ ይቀጥላል፣ ከመድረክ ጀርባ ያሉትን ልጆች የማስተባብረው ደግሞ እኔ ነኝ። አልተውንም። መጋረጃ፣ ዕቃ፣ መብራት የኛ ነው።

ንግግሩን ቃል በቃል ሸምድጄዋለሁ፣ ግን መሀል ላይ አንዲት ቃል ከጠፋችኝ ሁሉም ብን ይላል። አምና እንደዛ ሆኜ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፣ አጨብጭበው ነው ያስወረዱኝ። ድራማው ላይ ደግሞ ከሳሎን ወደ ፍርድ ቤት ስንቀይር 4 ደቂቃ ይፈጅብናል። ባለፈው ልምምድ አንዱ ልጅ በጨለማ ረከቦቱን ረግጦ ሲኒዎቹን ጨረሳቸው። የእማዬ ሲኒዎች ናቸው። እባካችሁ ልምድ ያላችሁ እርዱኝ።

የድሮ ሚኒ ሚዲያ

ለሲኒዎቹ ነፍስ ይማር። እኔም በጊዜዬ ከመጋረጃ ጀርባ ነው ያደግኩት።

4 ደቂቃ የሚፈጅባችሁ ሁላችሁም ሁሉንም ዕቃ ስለምታነሱ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ዕቃ ስጪው፦ አንቺ ጠረጴዛ፣ አንተ ሁለት ወንበር፣ አለቀ። የሌላውን አይነካም፣ ቢወድቅም አያነሳም። በአንድ በኩል ይወጣል፣ በሌላ በኩል ይገባል፣ ያኔ መሀል ላይ አትጋጩም። ዕቃው የሚያርፍበት ወለል ላይ ከፋርማሲ የሚገዛውን ነጭ ፕላስተር በትንሹ ለጥፉ፣ በደብዛዛ ብርሃንም ይታያል። ሶፋውን ግን ለምን ታወጡታላችሁ? ጥቁር ጨርቅ ጣሉበትና የዳኛው መቀመጫ ይሁን።

ለብርሃን የስልክ ባትሪ ላይ ሰማያዊ ፌስታል ደርባችሁ እሰሩ፣ ወደ መሬት ብቻ አብሩ። ነጩ ብርሃን ከአዳራሹ ይታያል፣ የእናንተንም ዓይን ያጠፋል። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ደግሞ ሠራተኞቹ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ዓይናቸውን ይጨፍኑ፣ ሲገልጡት ጨለማው ትንሽ ይቀላቸዋል። ጥቁር ልብስና ድምፅ የማያሰማ ጫማ። ነጭ ቲሸርት ለብሶ የመጣ ልጅ ቲኬት ይቁረጥ።

ጡረተኛ መምህር

ልጄ፣ ብዙ ውድድር ላይ ዳኛ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ሽምደዳውን ተይው። ለድራማው «እናትየው በሩን ስትዘጋ መብራት ይጥፋ» እያልሽ የጻፍሽው ወረቀት አለሽ አይደል? ንግግርሽንም እንደዛ አድርጊው። አራት ትዕይንት ይበቃል። አንደኛው፣ ጠዋት ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ልክ እንደ ሽማግሌ ቆመው የሚወረወርላቸውን ሲጠብቁ። ሁለተኛው፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ሲገባ። ሦስተኛው፣ ሐይቁ መውጫ ወንዝ እንደሌለው፣ ስለዚህ የጣልንበት ቆሻሻ የትም እንደማይሄድ። አራተኛው፣ እናንተ ተማሪዎቹ የምታደርጉት። በቃልሽ የምትይዢው የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ቃል ቢጠፋሽ ትዕይንቱ አይጠፋሽም፣ አሞራ ገደልን ማን ይረሳል?

ደግሞ «የተከበራችሁ ዳኞች፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ የክብር እንግዶች» እያልሽ አንድ ደቂቃ አትጨርሺ። አንዴ ሰላም በይና ግቢ። በልምምድ 4 ደቂቃ ተኩል ላይ ይለቅልሽ፣ ሰው ቢስቅ ወይ ቢያጨበጭብ ሰዓቱ አይቆምልሽምና።

ሞንታርቦ አከራይ

ከድምፅ በኩል ልጨምር። ሞንታርቦው ከተናጋሪው ፊት ለፊት፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ይቀመጥ። ከኋላሽ ከሆነ ማይኩ ይጮኻል። የማይኩን ጭንቅላት በእጅሽ አትጨብጪ፣ እሱም ያስጮኸዋል፣ ዘፋኞች ሲያደርጉት ስላየሽ ነው። ገመድ አልባ ከሆነ ባትሪው በዚያው ጠዋት ይቀየር፣ ባለገመድ አንድ ተጠባባቂ ይቀመጥ። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሊነሳ ሲል መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን አጥፉ። ሳይጠፋ ቀርቶ የተቃጠለብኝን ስንቱን ልንገርሽ።

የታቦር ሰፈር

እኔ ግን አንዱን ተይው ነው የምልሽ። ሁለት ሐብሐብ በአንድ እጅ አይያዝም።

የድሮ ሚኒ ሚዲያ

አይ፣ ለምን ትተወዋለች? ተራው ተከታታይ እንጂ አንድ ላይ አይደለም። ከንግግሩ በፊት ግን ዕቃ አትሸከሚ። አልቦሽና ትንፋሽሽ ተቆራርጦ መድረክ ላይ መውጣት አለ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ምክትል ምረጪና ወረቀቱን ስጪው፣ እስክትወርጂ አዛዡ እሱ ነው። ሁለት ሰው «አሁን!» ካለ ማንም አይሰማም።

የ11ኛዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ እንዳሉኝ በአራት ትዕይንት አድርጌ ለእህቴ ሳቀርብላት ሁለት ጊዜ ቃል ጠፋኝ፣ እሷ ግን አላወቀችም። 4 ደቂቃ ከ40 ነው የወጣው፣ ሰላምታውን ልቀንስ ነው።

የትዕይንት ቅያሬውን ዛሬ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋርደን ስድስቴ ሠራነው። መጨረሻ ላይ 1 ደቂቃ ከ20 ገባ! ሶፋው አሁን ዳኛ ሆኗል። ያስቸገረን መጋረጃው ነው። የተሰቀለው በሽቦ ነው፣ መሀል ላይ ሲደርስ ይይዛል፣ ልጁ ሲጎትተው መላው ሽቦ ይንቀጠቀጣል።

ሞንታርቦ አከራይ

ሽቦውን በደንብ ወጥሩትና ከዳር እስከ ዳር ሻማ እሹት። ቀለበቶቹ ይንሸራተታሉ። ዘይት እንዳታደርጉ፣ ጨርቁን ያበላሸዋል።

ጡረተኛ መምህር

ሲኒዎቹስ ምን ሆኑ?

የ11ኛዋ

ጠርዛቸው የተሸረፈ አሮጌ ሲኒዎች ከአክስቴ ለምኛለሁ። ማጓጓዙ ግን አሁንም ያስፈራኛል።

የድሮ ሚኒ ሚዲያ

ሁለት ፊት ባለው ፕላስተር ረከቦቱ ላይ አጣብቂያቸው። ቢገለበጥም አይወድቁም።

የ11ኛዋ

ድራማው ላይ ቡና ይጠጣል እኮ!

የድሮ ሚኒ ሚዲያ

ስንት ሰው ነው የሚጠጣው?

የ11ኛዋ

እናትየውና ጎረቤቷ።

የድሮ ሚኒ ሚዲያ

እንግዲያው የሁለቱን ሳታጣብቂ ተያቸው። የትኞቹ እንደሆኑ ግን ለተዋናዮቹ ንገሪያቸው፣ አለዚያ እናትየው መድረክ ላይ ከረከቦቱ ጋር ስትታገል እናያታለን።