አሮጌው ፕሪንተር አዲሱን ዋይፋይ ሊያገኘው አልቻለም

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ የቤታችንን ራውተር ዋይፋይ 6 በሚደግፍ አዲስ ራውተር ቀየርኩ። ስሙንና የይለፍ ቃሉን እንደ ቀድሞው ስላደረግኋቸው ስልኮቻችን ወዲያው ተገናኙ፤ ለብዙ ዓመታት ያገለገለኝ ፕሪንተር ግን የዋይፋዩን ስም እንኳ በዝርዝሩ ውስጥ አያሳየኝም። መመሪያው 802.11ጂ የተባለውን የዋይፋይ መስፈርት እንደሚጠቀም ይገልጻል። ራውተሩ ሁለቱን ባንዶች (የ2.4 እና የ5 ጊጋኸርትዝ የሞገድ ክልሎችን) በአንድ ስም ያሰራጫል፤ የደኅንነት ዓይነቱም ደብሊውፒኤ3 ብቻ ነው። ፕሪንተሩ አሁንም ጥርት አድርጎ ስለሚያትም ልጥለው አልፈልግም፤ የቤቱን ዋይፋይም ለአደጋ ማጋለጥ አልሻም። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ 1፦
802.11ጂ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ መስፈርት ሲሆን በ2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ ስለሚሠራ፣ ፕሪንተርዎ የ5 ጊጋኸርትዙን ባንድ በፍጹም አያየውም። ስለዚህ አስቀድመው ባንዶቹን ይለያዩና ለ2.4ው የራሱን ስም ይስጡት። ቀጥሎ ቻናሉን፣ ማለትም ራውተሩ በባንዱ ውስጥ የሚያሰራጭበትን ቁጥር ያለው መስመር፣ ይመልከቱ፤ ራውተሩ በራሱ ምርጫ 12ኛውን ወይም 13ኛውን ቻናል ይዞ ከሆነ፣ በርካታ አሮጌ መሣሪያዎች ከ11ኛው በላይ ያሉትን ስለማይቃኙ ስሙ ጨርሶ አይታያቸውም። 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ያቁሙት። ደብሊውፒኤ3 እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የመጣ በመሆኑ ፕሪንተሩ አያውቀውምና፣ በዚህ ባንድ ላይ ከእርሱ የቀደመውን ደብሊውፒኤ2ን ኤኢኤስ ከተባለው የምስጠራ ዘዴ ጋር ይምረጡ። ደብሊውፒኤ2ንና ደብሊውፒኤ3ን የሚያቀላቅለው አማራጭም አለ፤ ሆኖም አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎችን ግራ ስለሚያጋባ እኔ በቅድሚያ አልሞክረውም።

መልስ 2፦
በተባለው ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ፕሪንተሩ የሚያውቀው ዌፕ የተባለውን የድሮ የደኅንነት ዓይነት ብቻ ሆኖ ከተገኘ፣ እባክዎ ለእርሱ ሲሉ ዋይፋዩን ወደ ዌፕ አይመልሱት፤ ድክመቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የወጣ ሲሆን ቁልፉን ዛሬ በደቂቃዎች ውስጥ ማግኘት ይቻላል። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ካለው በገመድ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት እጅግ የተሻለ ነው። በእንግዶች ዋይፋይ ላይ ለማስገባት ካሰቡም፣ ያ አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ተነጥሎ ስለሚሠራ ከኮምፒውተርዎ የሚላከው ጽሑፍ ፕሪንተሩ ዘንድ ላይደርስ ይችላል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቻናሉ 13 ሆኖ አገኘሁት፤ ወደ 6 ስለውጠው ስሙ ወዲያው ታየ፣ ደብሊውፒኤ2 ላይ ካደረግሁት በኋላ ደግሞ ተገናኝቶ አተመ። የቀረኝ ስጋት፣ ይህ ቀርፋፋ መሣሪያ የሌሎቹን ፍጥነት ይቀንስ እንደሆነ ነው።

መልስ 1፦
ቀርፋፋ መሣሪያ መረጃ በሚለዋወጥበት ጊዜ አየሩን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚይዝ፣ በ2.4ው ባንድ ላይ ያሉት ሌሎች መሣሪያዎች ጥቂት ይጠብቁታል። ፕሪንተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ስለሆነ ልዩነቱ እምብዛም አይሰማዎትም፤ በ5 ጊጋኸርትዝ ላይ ያሉትን ስልኮች ደግሞ ጭራሽ አይነካቸውም። ከዚያ የባሰ አሮጌ መሣሪያ ከሌለዎት፣ 802.11ቢ የተባለውን የ1999 (እ.ኤ.አ.) መስፈርት ከራውተሩ ቅንብር ላይ ያጥፉት፤ ፕሪንተርዎ ያለ እርሱ ይሠራል።