ደብረ ብርሃን ላይ ዳክት (የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ) በልኩ የሚሠራ ማንን ትጠቁሙኛላችሁ?

የጠባሴው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቤት እያስጨረስኩ ነው፤ ሳሎንና ሦስት መኝታ ክፍል፣ ኮርኒሱ ገና አልተመታም። አንድ ማሽን አስገብቼ ከጣሪያው ሥር በሚዘረጋ ዳክት ሁሉንም ክፍል ላሙቅ ብዬ ነው። ማቀዝቀዝም ይችላል፣ እሱን እንኳ እዚህ ማን ይፈልገዋል። የዳክቱን ስፋት አስልቶ የሚሠራ እዚሁ አለ ወይስ ከአዲስ አበባ ላምጣ? ላሜራ ይሻላል ወይስ ፍሌክሲብሉ (ተጣጣፊው ቱቦ)? አንድ ባለሙያ መጥቶ፣ አንጋጦ አየና «ለሁሉም 6 ኢንች ይበቃል» ብሎኝ ሄደ። ሜትር እንኳ ከኪሱ አላወጣም።

ብርድ ለምኔ፦ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ተቀምጠህ ዳክት? አያቶቻችን በባናና በበርኖስ ያለፉትን ብርድ አንተ በላሜራ ልታልፈው ነው። በርታ።

የሦስት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ እኔን አይተህ ተቀጣ። አምና አሠርቼ ነበር፤ ማን እንደሆነ አልናገርም። ግማሹን ቀብድ ወሰደ፣ ልጆች ላከና እሱ ጠፋ። መገጣጠሚያውን ሁሉ የካርቶን ማሸጊያ ስኮች ነው የለጠፉበት፤ በስድስት ወሩ ደርቆ ተላቀቀ። የልጆቹ ክፍል የአየር መውጫ ላይ ሶፍት ባንጠለጥል ንቅንቅ አላለም። ማሽኑ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያጉረመርም ያድራል። ጭራሽ በኅዳር ውርጭ ኮርኒሱ ላይ ቡና የተደፋበት የሚመስል ነገር ወጣ፤ ለካ ላሜራው እያለቀሰ ነው። ስደውልለት «ጣሪያሽ ያፈሳል» አይለኝም! በኅዳር ምን ዝናብ አለና?

የመንዙ፦ ስሙን ተናገሪ እንጂ እህቴ፣ ሌላውም ይዳን።

የሦስት ልጆች እናት፦ አልናገርም አልኩ፤ በእድር እንገናኛለን።

ብርድ ለምኔ፦ ነጭ መኪና የሚነዳው ነው?

የመንዙ፦ የእኔንም ቀብድ የበላው ነጭ መኪና ነበረው። የእኔ እንኳ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ምን ያስጨንቅሃል? ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ላሜራ ቤት ሂድ። 15 ዓመት ደንበኛው ነኝ፤ እንደሱ ያለ እጅ አላየሁም።

የጠባሴው፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ለእርስዎ ዳክት ሠርቶልዎታል?

ጡረተኛው፦ ዳክት እንኳ አልሠራልኝም። አሸንዳዬን ነው የሠራው፤ እስከ ዛሬ ጠብ አላለም።

የሮቢቱ፦ ሸዋ ሮቢት ላለነውስ የጣሪያ ቬንትሌተር ይሻላል የሚቆመው? ሙቀቱ ገደለን።

የመንዙ፦ የጣሪያውን ግዛ። የሚቆመውን ልጆች ይጥሉታል።

ሜትር ይዤ፦ ኧረ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ሥራው ከቱቦው አይጀመርም፣ ከክፍሉ ነው። ግድግዳው፣ መስኮቱና ጣሪያው ምን ያህል ሙቀት እንደሚያስወጡ ለየክፍሉ ይሰላል። አንዱ መኝታ ክፍልህ 1.5 ኪሎ ዋት ፈለገ እንበል። ከክፍሉ በ25 ዲግሪ የሞቀ አየር ብትልክበት፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ቤት በሰከንድ 50 ሊትር ይበቃዋል፤ ያ ደግሞ በ6 ኢንች ክብ ቱቦ በሰከንድ 3 ሜትር በማይሞላ ፍጥነት ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል። ስለዚህ ሰውየው ፈጥሮ አልነገረህም፣ ለቆላ አገር ልክ ነው። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ የባሕር ዳርቻውን 70 በመቶ ቢመዝን ነው። ያንኑ ሙቀት ለመሸከም 70 ሊትር ሊያስፈልግህ ነው፣ በዚያው 6 ኢንች ስታሳልፈው ፍጥነቱ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ለመኝታ ክፍል ያፏጫል፤ በመንገድ የሚባክነው ግፊትም በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። 7 ወይም 8 ኢንች አድርገው። ሳሎኑን በአንድ 6 ኢንች አታስበው።

ዋናው መስመር ላሜራ ይሁንና ግላስ ውል (ሙቀት እንዳያመልጥ የሚያደርግ የመስታወት ጥጥ) ይልበስ። ፍሌክሲብሉ ከዋናው ወደ መውጫው ለምትደርሰው አጭር ጫፍ ብቻ ነው፣ ያውም ተወጥሮ። እንደ አንጀት ተጥመልምሎ ከተቀመጠ አየሩ እዚያው ይቀራል። መገጣጠሚያው በአሉሚኒየም ቴፕ ይታሸግ።

እህቴ፣ የአንቺ ላሜራ ያለቀሰው ራቁቱን ስለተዘረጋ ይመስለኛል። ማሽኑ ሲጠፋ የቤቱ እርጥብ አየር ይወጣና ውርጭ የነካውን ላሜራ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል። የልጆቹ ክፍል ደግሞ በሩ ሲዘጋ አየሩ የሚመለስበት አለው? የገባው መውጫ ካጣ ሌላ አይገባም። በሩን ክፈቺና ሶፍትሽን መልሰሽ ስቀዪው እስቲ።

የሦስት ልጆች እናት፦ አሁን ሞከርኩት፤ በሩ ሲከፈት ይወዛወዛል! እስከ ዛሬ የኮሪደሩ ንፋስ ነበር የሚመስለኝ። ታዲያ ምን ላድርግ?

ሜትር ይዤ፦ የበሩን ግርጌ ሁለት ጣት ያህል አስቆርጪ፣ ወይም ከበሩ በላይ መተንፈሻ አስገቢ። የተላቀቀው መገጣጠሚያ ግን ካልታሸገ ግማሹን አየር ጣሪያው ይበላዋል። የጠባሴው፣ ቆጣሪህ ሲንግል ፌዝ ነው? ማሽኑ እንደ ምድጃ በሽቦ የሚያሞቅና 5 ኪሎ ዋት ከሆነ ብቻውን በ220 ቮልት 23 አምፔር ይጎትታል። ሂት ፓምፕ (ከውጭ አየር ሙቀት ስቦ የሚያስገባ) ከሆነ በጣም ይቀንሳል።

ጡረተኛው፦ ይህን ሁሉ ቁጥር ያ ልጅ በዓይኑ አይቶ ያወጣዋል።

የጠባሴው፦ ማሽኑን ወንድሜ ነው የላከው፣ ካርቶኑም አልተከፈተም። ነገ አይቼ እጽፋለሁ።

የመንዙ፦ የጠባሴው፣ ሁለት ሳምንት ሆነህ እኮ። ከአዲስ አበባ አመጣህ ወይስ እዚሁ አሠራህ?

የሮቢቱ፦ ጋሼ፣ የአሸንዳውን ሰው ስልክ በውስጥ ይላኩልኝ እስቲ፣ ክረምቱ ሳይገባ። ወደ ሮቢት ይወርዳል?