የዛገ የላንድሮቨር ሻንሲ፦ ይበየድ ወይስ ይቀየር?

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ
ጤና ይስጥልኝ። በባቲ መስመር ወደ ገጠር የምመላለስበት ላንድሮቨር ዲፌንደር 110 አለኝ፤ የቀድሞ ባለቤቱ ለዓመታት የአፍዴራ ጨው በጆንያ ሲያመላልስበት ኖሯል። ባለፈው ሳምንት ጎማ ለመቀየር ክሪኩን ከኋላ ከሻንሲው (ቦዲውንና ሞተሩን ከሚሸከመው ዋና ብረት) ሥር አድርጌ ሳነሣ፣ መኪናው ሳይነሣ ክሪኩ ብረቱን በስቶ ገባ፤ ከቀዳዳውም እፍኝ የሚሞላ የዝገት ቅርፊትና ደረቅ ጭቃ ፈሰሰ። ደሴ ያሳየሁት ጋራዥ ላሜራ ደርቦ እንደሚበይድልኝ ነገረኝ። ሆኖም የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሰው ጭኜ የምወርድ በመሆኔ ልቤ አላረፈም። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፣ መካኒክ፣ ደሴ
ወንድሜ፣ ወሳኙ ዝገቱ ያለበት ቦታ ነው። የዚህ መኪና ቦዲ በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ ብዙም አይጎዳም፤ ሻንሲው ግን ውስጡ ክፍት ብረት በመሆኑ ጭቃና ጨው ገብቶበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል፣ ከላይ ቀለሙ ደህና መስሎ ይታያል። ስለዚህ በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ እያንኳኩ ያዳምጡት፤ ጤነኛው ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። የተጎዳው የኋላው አግዳሚ ወይም ቦዲው የሚያርፍባቸው የጎን ክንዶች ብቻ ከሆኑ ቆርጦ በአዲስ መተካት ይቻላል። ሁለቱ ዋና ዋና ቁመታዊ ብረቶች፣ በተለይም የፊት ሞላ (ንዝረት የሚያበርደው ጥምዝ ብረት) የሚቀመጥበትና መሪው የታሰረበት ቦታ ከተበላ ግን ይቀየር። በበሰበሰ ብረት ላይ ላሜራ መደረብ በመካከሉ ውኃ ይዞ ዝገቱን ከመሸፈን አያልፍም። ብየዳ ከተወሰነም የነዳጅ ታንከሩ ከኋላ ስለሆነ አስቀድሞ ይውረድ።

መልስ 2
የሻንሲ ቁጥሩን አይርሱ። በ110 ላይ ከፊት በቀኝ በኩል፣ ከሞላው መቀመጫ ቀደም ብሎ ተመትቶ ይገኛል፤ ሊብሬው ላይ የሰፈረውም እሱ ነው። ምንም ሳይቆረጥ ፋይልዎ ያለበት የትራንስፖርት ቢሮ ቀርበው በጽሑፍ ያስፈቅዱ። የሚገዙት ሻንሲ ከውጭ የመጣ ከሆነ ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ሰነዱን) ይቀበሉ። በራስ ሥልጣን ቁጥር ማስመታት በሕግ ያስጠይቃል።

መልስ 3
እኔ ቀይሬ አይቻለሁ። ሲገዙ ይጠንቀቁ፤ የድሮው ላንድሮቨር ሻንሲ ለባሌስትራ (ተደራርቦ ለሚታሰር ዝርግ ብረት) የተሠራ ነው፣ የ110 ግን ለሞላ ነው፤ ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ1994 የመጣው 300 ቲዲአይ የተባለው የናፍጣ ሞተር፣ ሻንሲው ላይ ያለው መያዣው ከቀድሞው 200 ቲዲአይ ይለያል። ወደ ኋላ መብራት የሚሄደው ሽቦ በሻንሲው ሆድ ውስጥ ስለሚያልፍ ጫፉ ላይ ሲባጎ አስረው ይሳቡት። እኔ ሳላስር ስቤው ጭቃ ውስጥ ተበጥሶ ቀረ፣ ሁለት ቀን አቃጠለኝ። ጎሚኒ (የላስቲክ ማረፊያ) ያለባቸውን ብሎኖች ደግሞ መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ከያዘ በኋላ ብቻ አጥብቁ፤ አለዚያ ጎሚኒው ተጠማዞ ቶሎ ይቀደዳል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት አንኳኳሁት፤ ከቁጥሩ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ልክ የፊት ሞላው መቀመጫ ሥር ድምፁ ታፈነ። ቁጥሩ ራሱ ግን በሽቦ ብሩሽ ሲጠረግ ይነበባል። ሰኞ ሊብሬዬን ይዤ ትራንስፖርት ቢሮ እቀርባለሁ፣ እስከዚያው መኪናው ከግቢ አይወጣም።