«በፈቃዱ የገባ በፈቃዱ ይውጣ»

ሰላም ከጉለሌ፦
ትናንት ማታ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። ውይይቱ ስለ ሱስ ሕክምና ነው። አንድ አድማጭ ደወለና «ለእውነተኛ በሽተኛ አልጋ በጠፋበት አገር ለሰካራምና ለቃሚ አልጋ ማባከን ነውር ነው» አለ። አዘጋጁም «እናመሰግናለን» ብሎ ወደ ቀጣዩ ደዋይ አለፈ። አንድም ሰው አልመለሰለትም። ወንድሜ ባለፈው ዓመት በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ለ21 ቀን በሱስ ምክንያት ተኝቶ ነበር። እሱ የተኛበት አልጋ ነው የባከነው? እስኪ ንገሩኝ። ከትናንት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ እየተብላላ ነው።

ዳዊት ዘመርካቶ፦
እህቴ፣ ወንድምሽን እግዜር ይማርልሽ። ነገር ግን ሰውየው ያለው ልክ ነው። የአክስቴ ልጅ ድምፅ ይሰማዋል፣ 4 ዓመት ሆነው። በጣም የባሰበት ቀን ይዘነው ሄድን። «አልጋ የለም፣ መድኃኒት ይዛችሁ ተመለሱ» አሉን። ሌሊቱን ሙሉ ለሦስት ይዘነው አደርን። እሱ በሽታውን አልመረጠም። ጠርሙስ ያነሳውን ግን ማንም አላስገደደውም። በፈቃዱ የገባ በፈቃዱ ይውጣ። አልጋው ላልመረጠው ይሰጥ።

ሲስተር ወ.፦
ዳዊት፣ የአክስትህ ልጅ አልጋ ማግኘት ነበረበት። በዚህ አንከራከርም። እኔ 11 ዓመት የሠራሁ የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። «አልጋ የለም» ማለት ለእኛም ቀላል አይደለም።

«በፈቃዱ ይውጣ» የሚለውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ፣ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሰውነቱን ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፣ የት እንዳለ ይጠፋዋል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። እዚህ የደረሰ ሰው ካልታከመ ሊሞት ይችላል። በፈቃዱ ለመውጣት ሲሞክር ነው እንግዲህ የሚሞተው። እኛ ዲያዜፓም እየቀነስን እንሰጠዋለን። ግሉኮስ ከመስቀላችን በፊት ቫይታሚን ቢ1 እንሰጠዋለን። አልጋው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የደብረ ብርሃኑ፦
ሲስተር እውነት ብላለች። አጎቴ ሁዳዴ ሲገባ መጠጥ ያቆማል፤ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ቀን መሬት ላይ ተንፈራገጠ። ጎረቤቱ ሁሉ «ሰይጣን ነው» ብሎ ክብሪት ሲያሸትተው እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። የአረቄ አገር ነው ያደግነው። አረቄ ማቆም ሊገድል እንደሚችል ግን የነገረን ሰው አልነበረም።

ዳዊት ዘመርካቶ፦
እሺ፣ ለአረቄው ይሁን። ለጫቱስ? ጫት ያቆመ ሰው ሲሞት አይቼ አላውቅም። ዱካክ ይዞት ሁለት ሌሊት ቢቃዥ ነው። ለእሱም አልጋ ልንሰጠው ነው?

ሲስተር ወ.፦
ጫት ማቆም ብቻውን አይገድልም፣ ልክ ነህ። ቅዠት አለ፣ ድብርት አለ፣ እንቅልፍ አለ፣ ሐራራ አለ። ለአብዛኛው ቃሚ አልጋ አያስፈልግም፣ ክትትል ይበቃዋል። እኛ ጋ የሚመጡት ግን ጫት ብቻ ይዘው አይመጡም። ሰውየው ከሰዓት ይቅማል፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። ያ ጨብሲ ነው አልኮል ውስጥ የሚነክረው። ጠዋት ደግሞ ለኢጀባና፣ ለማለዳው ቅሚያ፣ ይነሳል። ሌላም አለ። ድምፅ የሚሰማው ሰው ሲቅም ድምፁ ይብስበታል፣ መድኃኒቱንም ይተዋል። ዳዊት፣ በአንድ በኩል «እውነተኛ በሽተኛ» በሌላ በኩል «ሱሰኛ» ብለህ የከፈልከው ሰው ዋርዱ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው።

የአወዳይ ልጅ፦
ጫትን ከአረቄ ጋር ስታቆራኙት ቅር ይለኛል። አባቴ እኛን አስተምሮ ለዩኒቨርሲቲ ያበቃን በጫት ነው። ሌሊት ተቆርጦ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ሳይጠወልግ እንዲደርስ በሩጫ ይሄዳል። ስንት ቤተሰብ በእሱ እንደሚያድር አታውቁም። ሽማግሌዎቻችን ዱዓ የሚያደርጉበት፣ የተጣላ የሚያስታርቁበት ነው። ሱሰኛ ሁሉ በእኛ ማሳ አይመካኝ።

ሰላም ከጉለሌ፦
ወንድሜ፣ አባትህን ማንም አልከሰሰም። ወንድሜ የተኛበትን ሆስፒታል ተወውና ከወጣ በኋላ ያለውን ልንገርህ። ከቤታችን በር ወደ ታክሲ መያዣው 60 እርምጃ አይሞላም። እዚያ መሃል ጫት ቤት አለ፤ ልጆቹ ስሙን ያውቁታል። ከሆስፒታል የወጣ ዕለት «እንኳን ደህና መጣህ» ብለው አንድ እስር በነጻ ሰጡት። በክፋት አልነበረም፣ በፍቅር ነው የሰጡት። የእኔ ጥያቄ ስለ ማሳው አይደለም። ያቺን 60 እርምጃ ከእሱ ጋር ማን ይሂድ? ነው የምለው።

የአወዳይ ልጅ፦
እንደዚያ ካልሽ ይገባኛል። ግን «ቃሚ» የሚለው ቃል እዚህ እንደ ስድብ ሲወረወር ዝም አልልም።

ወልደ ማርያም፦
ሁላችሁም ዙሪያውን ትሄዳላችሁ። እኔ መጠጥ የተውኩት እንጦጦ ተጠምቄ ነው። 40 ቀን እዚያው አድሬ ተጠመቅሁ። ከዚያ በኋላ አልቀመስኩም። ሐኪም ቤት የሚሰጠው ኪኒን ነው። እምነት ግን አይሰጥም።

ሲስተር ወ.፦
አባቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ጸበሉን የሚቃወም ሰው እዚህ የለም። የእኔ ታካሚዎች ግማሾቹ ጠዋት ጸበል ተጠምቀው ከሰዓት እኔ ጋ ይመጣሉ፤ እኔም «መድኃኒቱን ከቁርስ በኋላ ዋጠው» እላለሁ። እኔ የምቃወመው «ኪኒን የዋጠ ጸበሉ አይሠራለትም» የሚሉትን ነው። በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ጥሎ፣ ከወራት በኋላ እጁ በሰንሰለት ቆስሎ የመጣ ልጅ በእጄ አጥቤያለሁ።

የአወዳይ ልጅ፦
እኛም ጋ ቁርኣን እያስቀሩ ሐኪም የሚከለክሉ አሉ። የማይከለክሉ፣ ራሳቸው ወደ ጤና ጣቢያ የሚልኩም አሉ። ሰውየው ይለያያል።

ወልደ ማርያም፦
ሰንሰለቱን እኔም አልወድም። ግን ሐኪም ቤትም ያስራል። ይህን ደግሞ አትካዱ።

3ኛ ዓመቴ፦
ብዙ አልጽፍም ነበር፤ ግን ዳዊት ያልካት ነገር አስተኛችኝ ብል ውሸት ነው። «በፈቃዱ የገባ በፈቃዱ ይውጣ።»

እኔ በፈቃዴ 14 ጊዜ ወጥቻለሁ። ቆጥሬአቸዋለሁ። በእናቴ ስም ምዬ ወጥቻለሁ። ለሠርጌ ስል ወጥቻለሁ። ልጄ የተወለደች ዕለት ወጥቻለሁ። ትልቁ 5 ወር ነው፤ ትንሹ ግማሽ ቀን። ፈቃድ አላጣሁም፣ ፈቃዴ ብቻውን አልበቃኝም እንጂ።

«በፈቃዱ የገባ» ካልክ ደግሞ፣ ጫት ውስጥ የገባሁት 16 ዓመቴ ላይ ነው። ማትሪክ ለማጥናት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ይቅም ነበር፤ «እንቅልፍ ያባርራል» አሉኝ፣ አባረረልኝ። ያን ቀን ሌላ ነገር የመረጥኩ አልመሰለኝም፣ ጥናት የመረጥኩ ነበር የመሰለኝ። መጠጡ ከዚያ በኋላ ተከትሎ መጣ። የ16 ዓመት ልጅ ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው?

በ15ኛው ጊዜ ብቻዬን አልወጣሁም። ዋርድ ውስጥ 3 ሳምንት ተኛሁ። ሲስተር ያለችውን ሁሉ አየሁት፣ ግድግዳው ላይ ጉንዳን ሲሄድ አይቼ ነርሷን ጠርቻለሁ። ያቆመኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። አብሮኝ የተኛ አንድ መምህር ነበር። ከወጣን በኋላ በየሳምንቱ ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ እንገናኝ ነበር፣ ሻይ ቤት። ሁለት ነበርን፣ ከዚያ አምስት ሆንን። ሐራራው ሲመጣ ለማን እንደምደውል አውቅ ነበር። ይሄንን ያዘጋጀልን ሆስፒታል አይደለም። እኛው ነን።

ዳዊት ዘመርካቶ፦
ወንድሜ፣ አክብሬሃለሁ። ግን ያልከው የእኔን ነገር ነው የሚያጠናክረው። ያዳነህ ሻይ ቤቱ ከሆነ አልጋው ለምን?

3ኛ ዓመቴ፦
ሻይ ቤቱ ጋ በሕይወት የደረስኩት በአልጋው ነዋ!

የቡታጅራ ልጅ፦
አልጋ አልጋ ስትሉ ሌላው ነገር ተረሳ። እኛ ጋ ጎረቤታችን ሶዶ ወረዳ ለዓመታት የተሠራ ሥራ አለ። የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሠለጠኑ። ሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ እንደ መስማት ያለው ሕመም)፣ ድብርት፣ የሚጥል በሽታና የመጠጥ ችግር እዚያው ጤና ጣቢያ እንዲታከም ተደረገ። ከዚያ በፊት ሰው ከቀበሌው ተነስቶ ቡታጅራ ሆስፒታል ድረስ መምጣት ነበረበት። በሽተኛ ይዞ፣ የመኪና ከፍሎ፣ የሥራ ቀን አቃጥሎ።

የሚያሳዝነው ምን መሰላችሁ? ለሳይኮሲሱ ሰው መጣ። ለመጠጡ ግን የመጣው በጣም ጥቂት ነው። በሩ ተከፍቶ ነርሱ ተቀምጦ ሳለ ማለት ነው። ለምን? ሰው መጠጥን እንደ በሽታ አይቆጥረውማ። «በፈቃዱ ይውጣ» የሚባለውን ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷል። ዳዊት፣ ያቺ ንግግርህ በር ትዘጋለች። የምለው ይሄንኑ ነው።

ዳዊት ዘመርካቶ፦
የሶዶ ገበሬ የእኔን ንግግር ሰምቶ ነው የቀረው? እባካችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ አትግደሉኝ። የአክስቴ ልጅ ዛሬም ቤት ነው ያለው። ስለ እሱ አንድ ሰው አልጠየቀኝም።

የቡታጅራ ልጅ፦
ይቅርታ፣ እውነትህን ነው። እዚያው ሶዶ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች ቤት የሠለጠነ የአካባቢው ሰው ለ12 ወር እየሄደ ተሞክሯል። መድኃኒት መዋጡን ያያል፣ ቤተሰቡን ያነጋግራል፣ ወደ ሥራና ወደ እድር እንዲመለስ ይረዳዋል። ከጤና ጣቢያው ሕክምና ጋር ተጨምሮ ለውጥ አምጥቷል። የአክስትህ ልጅም ሆነ የሰላም ወንድም የሚፈልጉት ይሄንን ነው። ለአንድ አልጋ ከምትሻሙ ይሄንን አብራችሁ ጠይቁ።

ኤልሳ ኮተቤ፦
ማን ይሰማል? ለአእምሮ ሕክምና የታሰበ ነገር ሁልጊዜ ለሌላ ይሰጣል። የእኛን ሰፈር ሆስፒታል ተመልከቱ። ኤካ ኮተቤ ለአእምሮ ሕክምና ታስቦ የተሠራ ነው። በ2012 ኮሮና ሲገባ መጀመሪያ የተወሰደው እሱ ነው።

ሂክማ ከጂዳ ተመላሽ፦
እህቴ፣ ያን ጊዜ ኮሮና የያዘው ሰው የት ይሂድ? እናቴ እዚያ ተኝታ ድና ወጥታለች። ኤካን አትንኪብኝ።

ኤልሳ ኮተቤ፦
እናትሽን ስላዳነ ደስ ይለኛል፣ ሐኪሞቹንም አልወቅስም። የምለው ሌላ ነው። ችግር ሲመጣ ማንን እናስነሣ ሲባል መልሱ ሁልጊዜ የአእምሮ ታማሚ ነው።

ሂክማ ከጂዳ ተመላሽ፦
በዚህስ አልከራከርሽም። ከእኔ ጋር በአንድ አውሮፕላን የተመለሰች ልጅ ነበረች። ከራሷ ጋር እያወራች ነው የደረሰችው። ቤተሰቧ ሊቀበላት ቦሌ መጣ፣ በዕልልታ። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚወስዷት ግን የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ «አማኑኤል» ሲል እናቷ «ልጄን እብድ ልታስብሏት ነው?» ብላ ጮኸች። የሆስፒታሉ ስም ራሱ ስድብ ሆኖብን እንዴት እንታከም?

የደብረ ብርሃኑ፦
ሕጉስ? በ2011 የወጣው አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣ። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥም ከለከለ። ማስታወቂያው ጠፋ፣ ጥሩ ነው። የ15 ዓመት ልጅ አረቄ ቤት ሲገባ ግን ዕድሜውን የሚጠይቀው ሰው እስካሁን አላየሁም። ሆስፒታል ላይ ከምንጣላ በሩ ላይ እንቁም።

ወልደ ማርያም፦
አረቄ የሚያወጣው እኮ ድሃ ነው። በአረቄ ልጆቿን የምታሳድግ መበለት በር ላይ ማን ይቆማል? አንተ ትቆማለህ?

የደብረ ብርሃኑ፦
እናቴ እሷ ናት። አዎ፣ እቆማለሁ።

ሰላም ከጉለሌ፦
ወደ ጥያቄዬ ልመልሳችሁ። ዳዊት፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። «ይባክናል» የምትለውን ቃል ተዋት። ወንድሜ ይሄንን ያነባል።

ዳዊት ዘመርካቶ፦
«ይባክናል» ያለው የሬዲዮው ሰው ነው። እኔ ያልኩት አልጋው ላልመረጠው ይሰጥ ነው፣ አሁንም እሱን ነው የምለው። 4 ዓመት ሙሉ በየተራ ያልተኛ ቤተሰብ ነው ያለኝ። ሐሳቤን እንድቀይር መጀመሪያ የእኛን አልጋ አሳዩኝ። ወንድምሽን ግን አልሰደብኩትም፤ ካነበበ ይሄንንም ያንብብ።

ሲስተር ወ.፦
ዳዊት፣ የአክስትህ ልጅ አሁን የሚወስደውን መድኃኒት ስም በውስጥ መስመር ላክልኝ። በየወሩ የሚወጋ መርፌም አለ፣ ኪኒን አልዋጥም ለሚል ይሆናል። ሐኪሙን ጠይቁት።

ዳዊት ዘመርካቶ፦
እሺ ሲስተር። እሱን እልካለሁ። ክርክሩ ግን አላለቀም።

3ኛ ዓመቴ፦
ሰላም፣ ወንድምሽ የት ሰፈር ነው? ቅዳሜ 10 ሰዓት እኛ አለን።

ሰላም ከጉለሌ፦
እነግረዋለሁ። ነገ ጠዋት ቀጠሮው ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ የመጣ ቀጠሮ። አብሬው እሄዳለሁ። በዋናው በር አንወጣም። በጀርባ በኩል በጎረቤት ግቢ የሚያሳልፍ መንገድ አለ፣ ጭቃ ነው፣ ይረዝማል። በእሱ ነው የምንሄደው።