በፍሪላንስ ቪዲዮ ኤዲቲንግ፦ ሠርግ ይሻላል ወይስ ዩቲዩብ?

ጀማሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። ፕሪሚየርና ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባሉትን የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች እችላለሁ፣ ላፕቶፔ 16 ጂቢ ራም ነው። ከሠርግና ከዩቲዩብ ቻናል በየቱ ልጀምር? ዋጋስ በምን ይተመናል?

መቀስ፦ በዩቲዩብ ጀምር። ሠርግ ወቅት አለው፤ ጥርና ከፋሲካ በኋላ ይጨናነቃል፣ በሁዳዴ 55 ቀን ግን የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም። የቻናል ሥራ ግን በየሳምንቱ ይመጣል። ዋጋውን በተጠናቀቀው ደቂቃ ብቻ አትተምን፤ የ10 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ከ3 ሰዓት ጥሬ ቀረጻ ሊወጣ ይችላል። ጥሬውን ሳታይ ዋጋ አትጥራ። ግማሽ ቀብድ፣ ሁለት ዙር እርማት፣ ከዚያ በላይ ተጨማሪ ክፍያ፤ ይህን በቴሌግራምም ቢሆን በጽሑፍ አስቀምጥ።

ታይምላይን፦ በመቀስ እስማማለሁ። ደንበኛ በስልክ የቀረጸውን ሲልክልህ ግን ተጠንቀቅ፤ ፍሬም ሬቱ (በሰከንድ የሚያልፈው የምስል ብዛት) ብዙ ጊዜ ተለዋዋጭ ስለሚሆን ቪዲዮው በረዘመ ቁጥር ድምፁ ከከንፈር ሊለያይ ይችላል። ከመቁረጥህ በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ቋሚ ፍሬም ሬት ቀይረው። በ16 ጂቢ ራም 4ኬ የምትሠራ ከሆነ ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ) አውጣ፣ አለዚያ ቀለም ማስተካከል ስትጀምር ይንቀራፈፋል።

ጀማሪ፦ ሠርጉ ላይ የገባው ዘፈንስ?

መቀስ፦ ለሙሽሮቹ በፍላሽ ስትሰጥ እንዳለ ይሁን። ዩቲዩብ ላይ የሚጫነው ግን የቅጂ መብት ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል ፈቃድ ባለው ሙዚቃ ሌላ ቅጂ አውጣ፤ እሱንም ለብቻው አስከፍል።