በእንቁራሪት ሥዕል ላይ ጣፊያው የቱ ነው?

ብዕረኛው፦ ሰላም ቤቶች። ለተማሪዎች በእንቁራሪት ሆድ ዕቃ ሥዕል ላይ የአማርኛ ስም እየጻፍኩ ነው። የደረሰኝ ረቂቅ «ጣፊያ የምግብ መፍጫ ፈሳሽ ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ጣፊያ ክብ፣ ጥቁር ቀይ ነው» ይላል። አንድ ናቸው? ሽንት፣ ዓይነ ምድርና እንቁላል የሚወጡበትን የጋራ ክፍልስ «ክሎአካ» ብዬ ልተወው?

የቄራ ልጅ፦ የመጀመሪያው ቆሽት ነው፣ ሁለተኛው ጣፊያ። ይሄ ምን ያከራክራል?

ቆላው፦ ትክክል። እኛ አገር ወባ የደጋገመው ሰው «ጣፊያው አብጧል» ይባላል። ቆሽቱ አይባልም።

ዘጎንጅ፦ ሥሩን ብታዩ ባልተጣላችሁ። ጣፊያ «ጣፈ» ከሚለው ይመስለኛል። ልብስ ሲቀደድ ይጣፋል አይደል? ጣፊያም ጨጓራ ላይ እንደ እራፊ ተለጥፎ ነው የሚገኘው።

የቄራ ልጅ፦ መለጠፉስ እውነት ነው፣ በሬ ላይ አይቻለሁ። ግን «መጣፍ» መጽሐፍም ነው። ጣፊያ ጸሐፊ ሊሆን ነው? 😂

ዘጎንጅ፦ ቅኔ ቤት ያልገባ ሰው ሲስቅ ደስ ይለኛል።

የላብ ሰው፦ ሥሩን ትተን እንስሳዋን እንያት። የእንቁራሪት ቆሽት ፈዛዛ፣ ቀጭን ነገር ነው። በጨጓራና በትንሹ አንጀት መጀመሪያ መካከል ይተኛል። ከሐሞት ከረጢት የሚመጣው ቱቦ ቆሽቱን ሰንጥቆ ያልፋል፣ የሱንም ፈሳሽ ተቀብሎ አንጀት ውስጥ ይገባል። ጣፊያዋ ግን አንጀቱን በያዘው ስስ ሽፋን ላይ ያለች ቀይ ድቡልቡል ናት። ሥራዋ ከደም ጋር ነው፣ ምግብ አትፈጭም። ረቂቁን ያዘጋጀው ሰው ሁለቱን አምታቷል።

የቄራ ልጅ፦ ቆሽቱን አሳርሮታል በለኛ!

መሪጌታ ነኝ፦ ልጆች፣ «ሆድ ዕቃ» የምትሉት ራሱ በግዕዝ «ንዋየ ውስጥ» ነው። ንዋይ ዕቃ አይደል? አንጀትም «አማዑት» ይባላል። ዳዊት የደገመ ሰው ደግሞ መዝሙር 7 ላይ «ልበ ወኵልያተ» የሚለውን ያውቃል። ኩላሊት ከዚያ ነው።

ብዕረኛው፦ እናመሰግናለን መሪጌታ። ስለ ክሎአካውስ ምን ይላሉ?

የላብ ሰው፦ ላቲኑ የፍሳሽ ቦይ ማለት ነው። የጥንቷ ሮም ትልቅ ቦይ ክሎአካ ማክሲማ ይባል ነበር።

ቆላው፦ ልጆቹ ፊት «ፍሳሽ ቦይ» ብለህ ክፍሉን ማን ዝም ሊያሰኝልህ ነው?

መሪጌታ ነኝ፦ ከዚያ በፊት የእንስሳዋ ስም ይጥራ። ዘጸአት 8 ላይ ግዕዙ «ቈርነናዓት» ይላል፣ አማርኛው «ጓጉንቸር»። እንቁራሪት ያላችሁት ከየት አምጥታችሁ ነው?

ቆላው፦ መሪጌታ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኛ ጋ ጓጉንቸርና እንቁራሪት አንድ ነው። የሚለየው ጉርጥ ነው።

የላብ ሰው፦ ብዕረኛው፣ ሥዕሉ የላይኛው መንጋጋ ላይ ጥርስ ያሳያል? ጉርጥ ጥርስ የለውም።

ብዕረኛው፦ ጥቃቅን ጥርሶች አሉ፣ ላይኛው ላይ ብቻ።

የላብ ሰው፦ በቃ፣ ጉርጥ አይደለም።

ዘጎንጅ፦ «ጉርጥ» ግን «ዓይኑን አጉረጠረጠ» ከሚለው ጋር መመሳሰሉን ልብ ያለው አለ?

የቄራ ልጅ፦ ጀመረው ደግሞ!