ጥቆማ፦ ባሕር ዳር ላይ ጓሮ ለምታለሙ፣ ምን ከየት ይገዛ? ምኑስ ይቅር?

ከደብረ ታቦር በቅርቡ ወደ ባሕር ዳር የተዛወረች እህታችን እንዲህ ስትል ጠይቃለች፦ «እዚያ ድንቹም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ጎመኑም ከጓሮዬ ነበር። ዘሬን ቋጥሬ መጥቻለሁ። የተከራየሁት ቤት ደህና ጓሮ አለው። ያንኑ ልትከል ወይስ አዲስ ልግዛ? ከየትስ ልግዛ?»

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። መልሴ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ። እዚህ ከተማ ጓሮ የሚጀምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገዛው ዘር ነው። እኔ ግን ዘር መጨረሻ ላይ ይገዛ ባይ ነኝ። መጀመሪያ ወሩን እወቂ። ቀጥሎ አፈርሽን እዪ። ከዚያ ገንዘብሽን አውጪ።

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 100 ሜትር በወረድሽ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል 5 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ለሰው ይህ ጋቢ የማውለቅ ጉዳይ ነው፤ ለድንች ግን የምርት ጉዳይ ነው። ድንች ከሥር እንዲያፈራ ቀዝቃዛ ሌሊት ይፈልጋል። እዚህ ያ ቅዝቃዜ የሚገኘው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። ስለዚህ የደብረ ታቦሩን የክረምት ልማድ ትተሽ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ትከዪና እያጠጣሽ አሳድጊው። ዘሩ ራሱ ጥሩ ነው። ደጋ ላይ የድንች ቫይረስ የሚያዛምቱ ተባዮች ስለሚያንሱ የደጋ የድንች ዘር ብዙ ጊዜ ከእዚህኛው ይሻላል። አንዱን ለሁለት ቁረጪና እዪው። ውስጡ ቡናማ ቀለበት ካለው ወይም ነጭ ፈሳሽ ካወጣ አትትከዪው፤ አፈርሽን ለዓመታት ይበክልብሻል። ነጭ ሽንኩርቱንም በዚያው ወቅት ትከዪው። ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ያለበትን ግን ጣዪው። የሀበሻ ጎመን የትም ይሆናል። ባቄላም ቋጥረሽ ከሆነ እዚያው ላሉ ዘመዶችሽ ላኪላቸው።

ስለ ወር ካነሳን፣ ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሐምሌ ላይ ቲማቲም መትከል ገንዘብ መጣል ነው። ቅጠሉን የሚያጠቁረው የፈንገስ በሽታ በሳምንት ውስጥ ይጨርሰዋል። ክረምቱን ለጎመን፣ ለቆስጣና ለዱባ ተዪው። ቲማቲም፣ ቃሪያና ጥቅል ጎመን መስከረም ላይ መደብ ላይ ይፈሉ፤ ጥቅምት ላይ ይዛወሩ። ሰላጣና ካሮት እስከ የካቲት ድረስ ደስ ብሏቸው ይኖራሉ። መጋቢትና ሚያዝያ ሲሞቅ ሰላጣው አብቦ ይመራል።

አሁን አፈርሽን እዪ። አንድ ክንድ የሚሆን ጉድጓድ ቆፍሪና ውሃ ሙዪበት። ማታ ሞልተሽው ጠዋት ውሃው ካለ ዋልካ ነው። ሐይቁ ዳር ያሉ ብዙ ግቢዎች እንዲህ ናቸው። እንዲህ ከሆነ ምንም ከመግዛትሽ በፊት አፈሩን ከፍ አድርገሽ መደብ ሥሪ፤ ጉልበት ድረስ ባይሆን እንኳ ስንዝር ከፍ ይበል። ለዚህ የቀን ሠራተኛ መቅጠር ከሁሉ የሚያዋጣው ወጪ ነው። ሠራተኛው ከመጀመሩ በፊት ከላይ ያለውን ጥቁር አፈር ለብቻ እንዲያስቀምጥ ንገሪው። ካልተነገረው ከሥር ያለውን ጭቃ ከላይ ያደርገዋል። አፈርሽ ቀይ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ፤ ውሃው ይወርዳል። ብስባሽ ብቻ ጨምሪበት።

ዘር

ሦስት ዓይነት ታገኛለሽ። በቆርቆሮና በፎይል የታሸገው በግብርና ግብዓት ሱቆች አለ። ቆርቆሮው ተከፍቶ በማንኪያ የሚሰፈረው ገበያ ላይ አለ። ገበሬው ከራሱ ማሳ ያስቀረውም አለ። ለካሮትና ለሽንኩርት የታሸገውን ብቻ ግዢ፤ የሽንኩርት ዘር አንድ ዓመት ካለፈው አብዛኛው አይበቅልም። ለሀበሻ ጎመን፣ ለዱባና ለቃሪያ የገበሬው ዘር ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል። ተከፍቶ የሚሰፈረውን አልመክርም። መቼ እንደተከፈተ የሚነግርሽ የለም።

ማሸጊያው ላይ ከሥዕሉ ይልቅ ቀኑን አንብቢ። ቤት ስትደርሺ ደግሞ 20 ፍሬ ቆጥረሽ እርጥብ ጨርቅ ላይ ጠቅልዪ። በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ 15 እና ከዚያ በላይ ካቆጠቆጠ ዝሪ። ከ10 እስከ 14 ከሆነ አብዝተሽ ዝሪ። ከዚያ በታች ከሆነ መልሺው።

ስለ ዝርያ ብዙ አትጨነቂ። በቲማቲም መልካ ሾላና ሮማ ቪኤፍ ለጓሮ ደህና ናቸው። ከመልካ ሾላ የራስሽን ዘር ማስቀረት ትችያለሽ። ውዶቹ ዲቃላዎች ምርታቸው ብዙ ነው፤ ዘራቸውን ግን አስቀርተሽ ብትዘሪ እናቱን የሚመስል አታገኚም። ለበርበሬ ማረቆ ፋና፣ ለቆስጣ ፎርድሁክ ጃይንት የተለመዱ ናቸው። የአማራ ምርጥ ዘር ድርጅት እዚሁ ባሕር ዳር አለ፤ ሥራው ግን በዋናነት በቆሎ፣ ስንዴና ጤፍ ነው። ለአንድ መደብ ሰላጣ እዚያ አትልፊ።

ቀይ ሽንኩርት ጓሮሽ ጠባብ ከሆነ ተዪው። ፎገራ አጠገባችን እያለ ያንን ቦታ ለሰላጣና ለቆስጣ ብታውዪው ይሻላል።

ችግኝ

ለጀማሪ ከዘር ይልቅ ችግኝ እመክራለሁ። ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለጥቅል ጎመን ከአንድ ወር በላይ ጊዜ ይቆጥብልሻል። መንገድ ዳር ያሉት የአበባና የችግኝ ሻጮች በላስቲክ ያሳደጉትን ይሸጣሉ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሥሩ ግን አይነካም። ገበያ ላይ ተነቅሎ በእስር የሚመጣው ርካሽ ነው። ያንን የምትገዢ ከሆነ ጠዋት ግዢ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዪ፣ ማታ ፀሐይ ሲበርድ ትከዪ። በሁለቱም ረጅሙን አትምረጪ። ቀጭንና ረጅም ችግኝ ጥላ ውስጥ የቆየ ነው። አጭር፣ ወፍራም ግንድ ያለው፣ ገና ያላበበውን ያዢ። ቅጠሉን ገልብጠሽ እዪ። ቅጠሉ ውስጥ ነጭ፣ የተንጣለለ መንገድ ካየሽ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ትል ነው፤ ከአንድ ችግኝ ወደ ሰፈሩ ሁሉ ይዛመታል።

ፍግ፣ ገለባና ገለፈት

እኔ ለጓሮ ገንዘብ ማውጣት ደስ የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። የከብት ፍግ ወተት ከሚሸጡ ቤቶች ታገኛለሽ። ብዙዎቹ አንሥተሽ ብትወስጂላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ኩበት የሚጠፈጥፉ ከሆነ ግን ያስከፍሉሻል። የአረም ዘር ይዞ ስለሚመጣ መጀመሪያ ይብሰል። የዶሮ ኩስ ከሁሉ ኃይለኛው ነው፤ ትኩሱን ከጨመርሽው ሥር ያቃጥላል። ሁለት ሦስት ወር ተሸፍኖ ይቀመጥ። የበግ በጠጥ ካገኘሽ አትለፊው፤ ደረቅ ነው፣ ለመሸከም ቀላል ነው፣ ሽታውም ትንሽ ነው። ለኪራይ ቤት ጓሮ የምመርጠው እሱን ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ የሩዝ ገለፈት ነው። ወረታ ያሉት የሩዝ መፈልፈያዎች በክምር ያወጡታል። መኪና ያለው ዘመድ በዚያ በኩል ሲያልፍ ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ሙሉ ቢያመጣልሽ ለዓመት ይበቃሻል። ገለፈቱ ቶሎ አይበሰብስም። በበጋ መደቡ ላይ ሁለት ጣት ያህል ብትነሰንሺው እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል። ዋልካም ያለሰልሳል። ከአፈር ጋር የምትቀላቅዪ ከሆነ ግን ከፍግ ጋር አድርጊው፤ ብቻውን ከሆነ አትክልቱ ቢጫ ይሆናል። የጤፍ ጭድም ጥሩ ነው፤ ግን የከብት መኖ ስለሆነ ውድ ነው። ከእንጨት ቤቶች በነፃ የሚሰጠውን ትኩስ የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ መደብ ላይ አልመክርም።

እምቦጭን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታየ ወዲህ ስንቱ ተነቅሎ ወጣ! ብስባሽ ይሆናል፣ እውነት ነው። ግን ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። እሱን የሚገድለው በደንብ የጋለ ትልቅ ክምር ነው፤ የቤት ጉድጓድ ያን ያህል አይሞቅም። ስለዚህ ከሐይቁ ነቅለሽ ወደ ግቢ አታምጪው። በተለይ ግቢሽ አጠገብ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ዓባይ የሚወርድ ቦይ ካለ ፈጽሞ አይሆንም። ሐይቁ የሁላችንም ነው።

ውሃ

ቧንቧ ስለሚቆራረጥ ሮቶ ወይም በርሜል ከሌለ በጋውን አታልፊውም። ለጥቂት መደብ ተራ ማጠጫና ጄሪካን ይበቃል። ፓፓያና ቲማቲም ሥር የሃይላንድ ላስቲክ ክዳኑን በመርፌ በስተሽ ገልብጠሽ መትከል በነፃ የሚገኝ ጠብታ መስኖ ነው። ባልዲው አንድ ሜትር ከፍ ብሎ የሚሰቀልበት የቤተሰብ ጠብታ መስኖ ከ10 መደብ በላይ ላለው ሰው ያዋጣል። ስትገዢ ማጣሪያ እንዳለው አረጋግጪ፤ ያለ ማጣሪያ ቀዳዳው በደለል ይደፈናል።

ከሐይቁ ዳር ውሃ የምትቀዱ፣ የከተማው ፍሳሽ በሚገባበት አካባቢ የተቀዳ ውሃ ሰላጣ ላይ አይፍሰስ። ጥሬ የሚበላ ነገር ነው።

መድኃኒትና ምክር

በየሰፈሩ እየዞሩ የሚረጩ ሰዎች አሉ። ለጓሮ አልፈልጋቸውም። በውሃ ላስቲክ ተቀንሶ፣ ስሙ ሳይጻፍበት የሚሸጥ መድኃኒትም ቤትሽ አይግባ። ስሙንም፣ ተረጭቶ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበትም ማወቅ አትችዪም። ማሸጊያው ያልተከፈተ ካልሆነ አትግዢ። ለአፊድ (ቅጠል ለሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ሳሙና ውሃና እጅ ይበቃል። አንዳንዱ የብርብራ ፍሬ ይመክራል። ተባይ ይገድላል፣ ግን ጣና ላይ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚጠቀሙበት እሱው ነው። ሐይቁ አጠገብ ይቅርብን።

ምክር ከፈለግሽ መጀመሪያ ወደ ቀበሌው የከተማ ግብርና ባለሙያ ሂጂ፤ አይከፈልበትም። የታመመውን ቅጠል በላስቲክ ይዘሽ ሂጂ፤ በቃል ብቻ ከተነገረው መልሱም ግምት ይሆናል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ዘንዘልማ ነው። የድንችና የሌሎች ሰብሎች ዝርያ ጥያቄ ካለሽ ደግሞ የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ሩቅ አይደለም።

ስለ አቮካዶ ለጠየቅኸው ወንድሜ

«ምን ዓይነት ችግኝ ልግዛ?» ላልከው፣ ከፍሬ የበቀለ ችግኝ አትግዛ፤ ስድስትና ሰባት ዓመት ትጠብቃለህ፤ ፍሬውም ምን እንደሚመስል አይታወቅም። የተዳቀለው (የጥሩ ዛፍ ቅርንጫፍ የተጋጠመበት) በሦስት በአራት ዓመት ያፈራል። ሻጩ «የተዳቀለ ነው» ስላለ ብቻ አትመን። ግንዱ ላይ ከአፈሩ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ የመጋጠሚያ ጠባሳ መኖር አለበት። ከጠባሳው በታች የሚበቅለውን ቅርንጫፍ ሁሉ ቁረጥ። ሲበስል የሚጠቁረው ሀስ ጥሩ ነው፤ ጎረቤት ፉዌርቴ ወይም ኤቲንገር የሚባል ዝርያ ካለው የአንተም ፍሬ ይበዛል። መራዊ አካባቢ በቆጋ መስኖ አቮካዶ የሚያለሙ ስላሉ በዚያ በኩል ጠይቅ። ዋልካ ላይ ግን ጉድጓድ ቆፍረህ እንዳትተክል። ክረምት ውሃ ሲተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። አፈሩን ቆልለህ ጉብታው ላይ ትከል።

ማንጎ የምትገዙ ቅጠሉን ገልብጡ። ነጭ ነጥብ ካለበት ነጩ የማንጎ ተባይ ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ኢትዮጵያ ታይቶ በችግኝ እየተጓዘ እኛም ዘንድ ደርሷል። ትልቅ ዛፍ ጥላ ያለው ግቢ ያላችሁ ጌሾና ቡና ትከሉ፤ የዘጌ ሰዎች እንዲህ ነው የኖሩት። የአፕል ችግኝ እዚህ አትግዙ። ለደብረ ታቦር ሰው እንጂ ለባሕር ዳር የሚበቃ ብርድ የለንም።

ከመተማ ለጠየቅኸን

«እኔስ መቼ ምን ልትከል?» ላልከው፣ አንተ ጋር ከፍታው 700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከላይ ያልኩት ወር ሁሉ ይቀየራል። ቲማቲም ሌሊቱ ሞቃት ከሆነ አበባውን ያራግፋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እንዲያብብ አስበህ ችግኙን መስከረም ላይ አፍላ፤ መደቡን በሣር ዳስ አጥላው። ከዚያ ውጭ ባሉት ወራት ገንዘብህን ባሚያ፣ ሀብሃብ፣ ፓፓያና ሽፈራው ላይ አውለው። ዘሩን ከባሕር ዳር ከማስመጣት እዚያው ገበያ ብትገዛ ይሻልሃል፤ ባሚያ እናንተ ጋ ነው የሚያምርበት።